ከቱሉ ዲምቱ ወደ ዓድዋ ድል መታሰቢያ፦ ለእድራችን ልጆችና አዛውንቶች የታሰበ የጉብኝት ዕቅድ፣ አስተያየታችሁን እንሻለን

የእድሩ ጸሐፊ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው የእድር ስብሰባ እንደተነጋገርነው፣ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው ሁለተኛ ቅዳሜ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆቻችንንና መንገዱን የሚችሉ አዛውንቶቻችንን ይዘን ፒያሳ የሚገኘውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለመጎብኘት አስበናል። እስካሁን 34 ሰዎች ተመዝግበዋል፤ 21ዱ ልጆች፣ 8ቱ አዛውንቶች፣ የቀረነው 5 ሰዎች አስተባባሪዎች ነን። ቀኑ የካቲት 23 ሳይደርስ እንዲሆን የፈለግነው፣ በበዓሉ ሰሞን ቦታው በሕዝብ ስለሚሞላ ልጆቹ ረጋ ብለው የማየት ዕድል እንዳያጡ ነው።

ሐሳቡ እንዴት እንደተነሣ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አምና አንድ አባታችን ሲያርፉ ሜዳልያዎቻቸው ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ተደርድረው ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ውኃ ያድሉ የነበሩ ልጆች «ይህ የየትኛው ጦርነት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ በዚያ ከተቀመጥነው ትልልቅ ሰዎች መካከል እርግጠኛ ሆኖ የመለሰላቸው አልነበረም። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የመጀመሪያው ዕቅዳችን የሚከተለው ነው። ጠዋት 12፡30 ከሰፈር ተነሥተን የዓድዋ ድል መታሰቢያን፣ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንን ሙዚየም፣ የዳግማዊ ምኒልክንና የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልቶች እንጎበኛለን። ከምሳ በኋላ ስድስት ኪሎ ወጥተን የየካቲት 12 ሐውልትንና በዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገኘውን ሙዚየም፣ ከዚያም በአፍንጮ በር አካባቢ ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እናያለን። ስንመለስ በቸርችል ጎዳና ወርደን የትግላችንን ሐውልት ተመልክተን ማታ 12 ሰዓት ሰፈራችን እንገባለን። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቻላል ወይ? በምን ብንሄድ ይሻላል? ልጆቹስ ከመሄዳቸው በፊት ምን ማወቅ ይገባቸዋል?

የታሪክ መምህርት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጸሐፊያችን፣ ድካምዎን እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ። ተማሪዎችን ለ16 ዓመታት ወደ ሙዚየም ሳመላልስ ያየሁትን በግልጽ ልናገር፤ ልጆች በአንድ ሙዚየም ውስጥ በቅን ልቡና የሚያዩት ቢበዛ ለሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ እግራቸው ይሄዳል፣ ስልካቸው ፎቶ ያነሣል፣ ልባቸው ግን ምሳው ጋር ነው። ስምንት ቦታ በአንድ ቀን ካየን ልጆቹ ይዘው የሚመለሱት የአውቶቡሱን ጉዞ ብቻ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ስለ ዝግጅቱ ግን ብዙ የምለው አለኝ። የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. እንደተፈረመ፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛውና በጣልያንኛው እንደተለያየ፣ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደተደረገ ልጆቹ በመማሪያ መጽሐፋቸው አንብበዋል። ያላነበቡት ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት እንዴት ከዚያ እንደደረሰ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ነበር። ዓድዋ በዛሬው የመኪና መንገድ ከእኛ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ያን ጊዜ ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ የተወጣውና የተወረደው በእግርና በበቅሎ ሲሆን፣ ከመነሻው እስከ ውጊያው ቀን አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ያን ሁሉ ጊዜ ይህ ሕዝብ ምን በላ? በሶውን ማን ፈጨ? ቁስለኛውን ማን ተሸከመ? ስንቅ ያዘጋጁት፣ እንስራ ተሸክመው በጦሩ መካከል ውኃ ያመላለሱት ሴቶች ስም በአብዛኛው አልተጻፈም። በሙዚየሙ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ ጣይቱን ሐውልቶች፣ የጦር አበጋዞቹንም ምስሎች እናያለን፤ ልጆቻችን ከእነዚህ ጎን የበሶ ስልቻ የያዘችውንም ሴት በሐሳባቸው እንዲያቆሙ እፈልጋለሁ።

ሌላው የማዕረግ ስሞቹ ናቸው። ልጆቹ «ፊታውራሪ»፣ «ቀኛዝማች»፣ «ግራዝማች» ሲባል የክብር መጠሪያ ብቻ ይመስላቸዋል፤ እነዚህ ስሞች ግን የጦሩን አሰላለፍ ይናገራሉ። ፊታውራሪ በፊት የሚሄደውን፣ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን የሚመራ ነው፤ ከኋላ የሚጠብቀው ደግሞ ደጀን ነው። ይህን ያወቀ ልጅ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራው በዓድዋ ከፊት ሆነው ሲዋጉ መውደቃቸውን ሲሰማ ማዕረጉ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባዋል። ከጉብኝቱ በፊት ባለው እሑድ በእድሩ አዳራሽ አንድ ሰዓት ቢሰጠኝ ልጆቹን ራሳቸውን በፊት፣ በቀኝ፣ በግራና በደጀን አሰልፌ ላሳያቸው ዝግጁ ነኝ።

ሾፌሩ ከቃሊቲ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

መጓጓዣውን በተመለከተ። ለእኛ የሚቀርበው ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ድረስ በታክሲ ሄዶ ከዚያ በቀላል ባቡሩ መሳፈር ነው፤ የሰሜን ደቡቡ መሥመር ከቃሊቲ ተነሥቶ የሚያበቃው ምኒልክ አደባባይ ስለሆነ ባቡር መቀየር የለም። የመጨረሻው ጣቢያ ከመሬት በታች ነው፤ ከዚያ ሲወጡ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ነው፣ መታሰቢያውም በእግር የሚደረስ ነው። ሆኖም ባቡሩ አንዳንዴ ስለሚዘገይና ስለሚጨናነቅ፣ ደረጃውም ለአዛውንት ስለሚከብድ፣ 8ቱን አዛውንቶች በባቡር ማጉላላት ተገቢ አይመስለኝም። ለሁሉም አንድ ሃይገር በኮንትራት መያዝ ይሻላል። ፒያሳ መኪና አቁሞ መጠበቅ አስቸጋሪ ነውና፣ ሾፌሩ መንገደኛውን አውርዶ እንዲሄድና በተቀጠረው ሰዓት እንዲመለስ አስቀድማችሁ ተዋዋሉት።

የቃኘው ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጸሐፊያችን ስለ ሜዳልያዎቹ የጻፉትን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። አባቴ 93 ዓመታቸው ነው፤ በ1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ከተመዘገቡት 8 አዛውንቶች አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ለልጆቹ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው። ቃኘው የሚለው ስም የተወሰደው ከልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው፤ ራስ መኮንን ደግሞ በዓድዋ ከተዋጉት ታላላቅ አዛዦች አንዱ ነበሩ። ስለዚህ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲላክ የዓድዋን ትዝታ በስሙ ይዞ ነበር የሄደው። እስከ መጨረሻው ድረስ በየተራ የዘመቱት ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት በዚያው ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፣ ከ500 የሚበልጡ ቆስለዋል፣ ከመካከላቸው ግን በጠላት የተማረከ አልነበረም። የወደቁትን ሬሳ ሳይቀር ለጠላት አለመተው የሻለቃዎቹ ልማድ እንደነበር አባቴ ዛሬም ድምፃቸው ከፍ ብሎ ይናገራሉ።

ለእኛ ለአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ደግሞ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ዘማቾቹ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የወረዱት በባቡር ነው፤ ያ ሐዲድ የሚያልፈው በእኛው በአቃቂ ነው። አባቴ የአቃቂን ጣቢያ ባለፉ ቁጥር ከመስኮቱ ያዩትን የሕዝብ እልልታ ያነሣሉ። አሮጌው ሐዲድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። የኮሪያውን መታሰቢያ ከሰዓት በኋላ ደክመን ለ20 ደቂቃ የምናየው አታድርጉት። ወይ በቂ ጊዜ ይሰጠው፣ ወይ ለሌላ ቀን ይቆይ። አባቴ እዚያ ሲደርሱ ዝም ብለው የሚቆሙበት ጊዜ አለ፤ ያንን ዝምታ በፉጨትና በ«ቶሎ በሉ» ማቋረጥ አልችልም።

የእድሩ ጸሐፊ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

የሁላችሁንም አነበብኩ። መምህርታችን ስለ ጊዜው፣ ወንድማችንም ስለ አባታችን ያላችሁት ትክክል ነው። ስድስት ኪሎንና አፍንጮ በርን ከዚህ ጉዞ አውጥቼ በግንቦት ለሌላ ጉብኝት እንድናዘጋጃቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። መምህርት፣ የእሑዱ አዳራሽ ተፈቅዶልዎታል።

ከ3ኛ በር የመጣሁ እናት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ለመቃወም ሳይሆን ልታስቡበት ስለሚገባ ነገር ነው የምጽፈው። እኛ ከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። ፒያሳ ለሚኖር ልጅ «ሌላ ቀን እንሄዳለን» ማለት ቀላል ነው፤ ለእኛ ልጆች ግን ሌላ ቀን ማለት ሌላ የኮንትራት ክፍያ፣ ሌላ የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ሌላ የእናት ጭንቀት ነው። ከልጆቼ ትንሹ 13 ዓመቱ ነው፤ መሐል አዲስ አበባን ያየው ሆስፒታል ሲሄድ ብቻ ነው። «ግንቦት» ሲባል በፈተናው፣ በዝናቡ፣ በገንዘቡ ምክንያት ሊቀር እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቦታው ይቀነስ፣ ቀኑ ግን እንዳይባክን፤ ልጆቹ ከሙዚየሙ ወጥተው ወዲያው ወደ አውቶቡስ የሚመለሱ ከሆነ በጣም አዝናለሁ።

የታሪክ መምህርት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

እህቴ፣ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ ሁለቱንም ማስታረቅ የሚቻል ይመስለኛል። ከመታሰቢያው ሳንርቅ፣ በእግር ብቻ፣ ሁለት የጦርነት ዘመናትን የሚያሳይ መንገድ አለን።

ከምኒልክ ሐውልት እንጀምር። በፈረስ ላይ ያለው ይህ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ዋዜማ ነው። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዙ ከቦታው አነሡት። ከ40 ዓመት በፊት ያሸነፋቸውን ንጉሥ በየቀኑ በአደባባይ ማየት አልቻሉም ነበርና። ነፃነት ሲመለስ ሐውልቱም ተመለሰ። ልጆቹ በዚያ ቆመው «ወራሪ ለምን ከድንጋይና ከነሐስ ጋር ይጣላል?» ብለው ቢጠየቁ፣ ከብዙ ገጽ ንባብ ይልቅ ይማራሉ ብዬ አምናለሁ።

ፊት ለፊቱ አራዳ ጊዮርጊስ አለ። ዓድዋ የተደረገው በወሩ 23ኛው ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ታቦቱም ከዘማቹ ጋር እንደወረደ ይነገራል። ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጊዜ ይህንን ቤተ ክርስቲያን በእሳት አጋይተውት ነበር። ጥቂት ወረድ ስንል የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እናገኛለን። ሕዝቡ ለጣልያን እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትቀበለው በመገዘታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ሐውልታቸው ለባቡሩ መሥመር ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል፤ ቃሊቲ ከደጃችን የሚነሣው ባቡር ነው በሥራቸው የሚያልፈው። መሣሪያ ያልያዘ ጳጳስ በጦርነት ታሪክ ውስጥ ለምን ይቆጠራል የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱት።

አዛውንቶቻችን የሚያውቋት ፒያሳ በብዙ ቦታ ፈርሳ እንደ አዲስ እየተሠራች ስለሆነች፣ ዶሮ ማነቂያንና የድሮ ቤቶቿን ፈልገው ሲያጡ እንዳይደነግጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጡረተኛው መድፈኛ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

በሠራዊቱ መድፈኛ ክፍል ለረጅም ዓመታት አገልግያለሁ። ልጆች ሙዚየም ሲገቡ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ጠመንጃው ነው፤ ይህን አትከልክሏቸው፣ ነገር ግን እንዴት እንደሚታይ አስተምሯቸው።

አያቶቻችን በሽለላና በቀረርቶ የሚጠሯቸው ጠመንጃዎች ስማቸው ታሪክ ነው። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ሰናድር የእንግሊዞቹ ስናይደር፣ ምንሽርም ከማንሊኸር የመጣ ነው። ይህ የሚያሳየው መሣሪያው ከተለያየ አገር፣ በተለያየ ጊዜ፣ በግዢም በምርኮም የተሰበሰበ መሆኑን ነው። አሁን አንድ ልጅ ይህን ያስብ፦ አጠገብ ለአጠገብ የተሰለፉ ሁለት ዘማቾች ጥይታቸው አንዱ ለሌላው ጠመንጃ ካልሆነ፣ የአንዱ ጥይት ሲያልቅ ጓደኛው ሊያበድረው አይችልም። ለዚህ ሁሉ ጥይት ማከፋፈልና ማዘጋጀት ምን ያህል አሳብ እንደሚጠይቅ በመድፍ የሠራ ሰው ያውቀዋል። በዓድዋ የጣልያን ጦር 17,000 የሚጠጋ ሰውና 56 መድፎች ነበሩት፤ መድፎቹ በሙሉ ተማርከዋል። በእኛ በኩል የነበሩት ሆችኪስ መድፎች ፈጥነው የሚተኩሱና በተራራ ላይ ለመንቀሳቀስ የሚመቹ ነበሩ።

ግን ከመድፍ ይልቅ ውኃ ያሸነፈበትን ቦታ እንዳትረሱ። ከዓድዋ በፊት፣ በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የገባው የጣልያን ጦር በግንቡ ውስጥ ሆኖ የሚመጣውን ሁሉ ይመልስ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የምንጩ ውኃ እንዲያዝ መከሩ፤ ውኃው ከተያዘ በኋላ ምሽጉ ሊቆይ አልቻለምና በጥር 1888 ዓ.ም. ለቅቆ ወጣ። ልጆቹ የግንቡን ውፍረት ሳይሆን ምንጩ ከግንቡ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ይጠይቁ። እኔ ወታደር ሆኜ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው።

አስጎብኚው ሲናገር ልጆቹ ከፊት፣ አዛውንቶች በመቀመጫ ከጎን ይሁኑ። ዕቃ መንካትና ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት አይገባም። እኔም እመጣለሁ፤ ስሜን አስገቡልኝ።

የወንድሜ እህት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ከ3ኛ በር ያለችው እህቴ የጻፈችው እኔንም እንድናገር አደፋፈረኝ። ታላቅ ወንድሜ በ1969 ዓ.ም. ከገጠር ተጠርቶ በአምቦ መንገድ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን ዘመተ። ያን ጊዜ 12 ዓመቴ ነበር። እናታችን በታጠቅ በር ላይ ቆማ፣ ዳቦ በመሐረብ ቋጥራ ልትሰጠው ስትል ሰልፉ እንዳለፈና እንዳልሰጠችው ዕድሜዋን በሙሉ ስታወራ ኖረች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ድል ሲሆን ሬዲዮው ሲዘምር እኛ ቤት እልል ብለናል። ወንድሜ እንዳልተረፈ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

የትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. ሲመረቅ ለእኔ ትርጉሙ ይኸው ብቻ ነበር። ሐውልቱን ማን እንዳሠራው፣ በምን መንግሥት እንደተሠራ የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክሩን አልነቅፍም። ነገር ግን ሬሳው ላልተገኘለት ሰው እኅት፣ ስሙ የሌለበትም ቢሆን አንድ የምትቆምበት ቦታ ያስፈልጋታል። መኪናው በቸርችል ጎዳና የሚወርድ ከሆነ ለ10 ደቂቃ ብቻ አቁሙልኝ፤ ልጆቹ ከመኪና ባይወርዱም ግድ የለኝም።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡30

ለታላላቆቼ በአክብሮት። ከተመዘገቡት ልጆች አንዱ ነኝ። አንድ የማላውቀውን ጥያቄ በሙዚየሙ ውስጥ ብጠይቅ ድፍረት ይሆን ወይ ብዬ ፈርቼ እዚህ ለመጠየቅ ወሰንኩ። ከዓድዋ በኋላ የተማረኩ አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣልያን የተዋጉ የዚሁ ምድር ተወላጅ ወታደሮች፣ እጅና እግራቸው እንደተቆረጠ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ስለ ድሉ ስንናገር ለምን አናነሣውም?

የታሪክ መምህርት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጄ፣ ይህን በመጠየቅህ ኮርቻለሁ፤ ድፍረትም አይደለም። እውነት ነው። ከጣልያን ጎን ተሰልፈው ከተማረኩት የኤርትራ አስካሪዎች ውስጥ ወደ 800 የሚጠጉት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። በዘመኑ ሕግ የራሱን አገር የከዳ ሰው ቅጣት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ የጣልያን ተወላጅ ምርኮኞች ግን ይህ አልደረሰባቸውም፤ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው ውል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ቅጣቱ ለምን በእነዚህ ላይ ብቻ ሆነ፣ እነዚያ ወጣቶችስ በቅኝ ግዛት ሥር ሆነው ምን ምርጫ ነበራቸው የሚለው ዛሬም የሚያከራክር ጉዳይ ነው። እነርሱም የዚሁ ምድር ልጆች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ማዘን የዓድዋን ድል አያሳንሰውም። ጥያቄህን በሙዚየሙ ውስጥ ለአስጎብኚው በአክብሮት አቅርበው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።

ጡረተኛው መድፈኛ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

መምህርት እንዳሉት ነው። ልጁ ይጠይቅ። ጦርነትን ያየ ሰው ከዚህ ጥያቄ አይሸሽም።

የአንዋር ሰፈሩ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። በጉዞው ከምንሄደው ውስጥ ሙስሊሞች አለን፤ የዙህር ሶላት ሰዓት በፕሮግራሙ ቢካተት ደስ ይለናል። ፒያሳ ኑር መስጊድ፣ ብዙዎቻችን ቤኒን የምንለው፣ ቅርብ ስለሆነ ከምሳው ጋር ቢገጣጠም ማንም አይዘገይም። በዓድዋ የዘመቱት የሁሉም እምነት ልጆች ናቸውና፣ መምህርታችን እሑድ ሲያስተምሩ ይህንንም እንደሚያነሡ ተስፋ አለኝ።

የእድሩ ጸሐፊ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁም የጻፋችሁትን ከኮሚቴው ጋር ተወያይተንበት የሚከተለውን ወስነናል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት በአንድ ሃይገር ከጤና ጣቢያው በር እንነሣለን። የዓድዋን መታሰቢያ ለሁለት ሰዓት ከአስጎብኚ ጋር እንጎበኛለን፤ የመግቢያውን ዋጋና የቡድን ምዝገባውን ለመጨረስ ሾፌሩና እኔ በመጪው ማክሰኞ በአካል እንሄዳለን። ከዚያ በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ቆም ብለን፣ ምሳና ሶላት ከተጠናቀቀ በኋላ በአቡነ ጴጥሮስ በኩል ወርደን መኪናችን እንገባለን። ጊዮርጊስን ከውጭ እናየዋለን፤ ሙዚየሙን ለዛሬ ትተነዋል። ስንመለስ መኪናው በቸርችል ጎዳና ስለሚያልፍ ለእህታችን የትግላችን ሐውልት አጠገብ እንቆማለን፤ መውረድ የሚፈልግ ልጅ ከእርሷ ጋር ይውረድ።

ከሁሉ በላይ ግን ያከልነው አንድ ነገር አለ። እሑድ በአዳራሹ መምህርት ልጆቹን ካሰለፉ በኋላ የቃኘው ዘማች አባታችን፣ መድፈኛው ጓዳችንና የኦጋዴኑ ዘማች እህት ለእያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ይናገራሉ። አምና ያረፉት አባት ቤተሰብም ሜዳልያዎቹን ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል። ልጆቹ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው የዘመተ ዘመድ ካለ ስሙን፣ የሄደበትን ቦታና የተመለሰ እንደሆነ ጠይቀው በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ድንኳኑ ውስጥ የተጠየቅነውን ጥያቄ ከፒያሳ በፊት እዚሁ በቱሉ ዲምቱ እንመልሰው።

የቀረን አንድ ችግር ነው። የቃኘው ዘማች አባታችን ሁለት ሰዓት ቆመው መጎብኘት አይችሉም። ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ወይም ማስገኘት የሚችል ሰው እስከ ረቡዕ ያሳውቀን።

ከ3ኛ በር የመጣሁ እናት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡10

እናቴ ስትጠቀምበት የነበረ ወንበር ቤት አለ። ጎማው አየር ይፈልጋል እንጂ ደህና ነው። ነገ ጠዋት ልጄ ይዞት ይመጣል።

የቃኘው ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡35

እህቴ፣ ውለታሽን አልረሳም። ለአባቴ አነበብኩላቸው። ወንበሩን ማን ይገፋዋል ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ስላቸው «አንተ አይደለህም፣ ያ እጃቸው ስለተቆረጠው የጠየቀው ልጅ ይግፋኝ» አሉ። ተማሪው ፈቃደኛ ከሆነ እሑድ በአዳራሹ አስተዋውቃቸዋለሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡41

እሺ ጋሼ። እሑድ ቀደም ብዬ እመጣለሁ።